የሥርዓተ ፆታ ባለሙያዋና ፋይናንስ ክፍሉ፦ ሁለቱን ለማገናኘት የትኛው መንገድ ይሻላል?

በብዙ የልማት ድርጅቶች የሥርዓተ ፆታ ባለሙያዋና የፋይናንስ ኃላፊው የሚሠሩት በአንድ ቢሮ ነው። ሥራቸው ግን አይገናኝም። እሷ "ይህ ሥራ ለሴቶቹ ምን ይለውጣል?" ትላለች። እሱ "ወጪው በየትኛው መደብ ይመዘገባል?" ይላል። ሁለቱም ጥያቄ ትክክል ነው። ነገር ግን ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው የእሱ ጥያቄ ነው። የእሷ ብዙ ጊዜ ሪፖርት ላይ ይቀራል።

እኔ የመጣሁት ከፋይናንሱ ወገን ነው። ለዓመታት በጀት ስሠራ ኖሬያለሁ። አንድ ጊዜ ለሴቶች የቁጠባ ቡድኖች የአምስት ቀን ሥልጠና የሚሰጥ የገጠር ፕሮጀክት ነበረን። የሥርዓተ ፆታ ባልደረባችን ለልጆች ጠባቂ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ጠየቀች። መደብ ስላልነበረው ሰረዝኩት። ለአዳራሽ፣ ለሻይ ቡና፣ ለአሠልጣኝ አበል ግን መደብ ነበረ። በሦስተኛው ቀን የአዳራሹ ግማሽ ባዶ ሆነ። ሕፃን ያዘሉት እናቶች አልተመለሱም። የአዳራሹ ኪራይና የአሠልጣኙ አበል ግን ሙሉ በሙሉ ተከፈለ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። የሰረዝኩት ወጪ የፆታ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ከሒሳብም አንጻር ስህተት ነበር። ለሃምሳ ሰው ከፍለን ሃያ አምስት ሰው አሠለጠንን።

ይህን የምጽፈው ያንን ስህተት መድገም ለማትፈልጉ ነው፤ ለድርጅት ኃላፊዎች፣ ለፕሮጀክት አስተባባሪዎች፣ ለማይክሮፋይናንስ ሰዎች፣ ለለጋሾችም። ሁለቱን ሙያዎች ለማገናኘት ብዙ መንገድ ይቀርብላችኋል። ሥልጠና የሚሰጠው ሥልጠናን ያወድሳል። አማካሪው አማካሪ ቅጠሩ ይላል። ለጋሹ ፎርም ይልካል። የቱ ለማን ይሆናል የሚለውን ግን የሚነግራችሁ ጥቂት ነው።

በምን እንለካቸው?

የመጀመሪያው መለኪያ ሰዓቱ ነው። ዕውቀቱ የሚገባው ገንዘቡ ከመወሰኑ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በጀት ከጸደቀ በኋላ የሚመጣ ምክር እህሉ ከተፈጨ በኋላ ጠጠር እንደመልቀም ነው።

ሁለተኛው ሥልጣን ነው። ባለሙያዋ ወይም አሠራሩ "ይህ እንዲህ እንዳለ አይለፍ" ማለት ይችላል? መምከር ብቻ ከሆነ ሥራ የበዛበት ኃላፊ አንብቦት ያልፋል።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ትንተናው ወደ ብርና ወደ ወጪ መደብ ይተረጎማል? ብዙ ሰው መማር ያለባቸው የፋይናንስ ሰዎች ብቻ ይመስሉታል። ግን የገንዘብ ፍሰት ሰንጠረዥ ማንበብ ያልተማረች የሥርዓተ ፆታ ባለሙያም በጀት ስብሰባ ላይ እንግዳ ሆና ትቀመጣለች። ትምህርቱ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ መሄድ አለበት።

አራተኛው ዕድሜው ነው። ያመጣችው ሰው ስትለቅ አብሮ ይሄዳል? በልማት ሥራ ሰው ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል።

የመጨረሻው ዋጋው ነው። ዋጋ ስል የደመወዙን መጠን ብቻ አይደለም። ከየት እንደሚወጣም ነው። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አስተዳደራዊ ወጪ 20 በመቶ ጣሪያ አለው። የባለሙያዋ ደመወዝ በፕሮጀክቱ ሥራ ውስጥ ይገባል ወይስ በአስተዳደር? ይህ ሳይመለስ የተቀጠረች ባለሙያ ቅነሳ ሲመጣ መጀመሪያ የምትወጣው እሷ ናት።

ባለሙያ ቀጥሮ ከበጀት ጠረጴዛ ማስቀመጥ

ብዙ ድርጅት "ጀንደር ፎካል"፣ ማለትም የሥርዓተ ፆታ ተጠሪ፣ አለኝ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ይህች ሰው ሌላ ሙሉ ሥራ አላት። ፎካልነቱ የተደረበላት ነው። የምትጠራው የካቲት መጨረሻ ላይ የሴቶች ቀን ሲከበር ነው። እኔ የምለው አማራጭ ይህ አይደለም። በጀት ሲረቀቅ ስብሰባ ላይ የምትገኝ፣ ረቂቁ ከመላኩ በፊት የምትፈርም ባለሙያ ማለቴ ነው።

እንዲህ ያለች ባለሙያ የምታያቸው ነገሮች ለፋይናንስ ሰው በጣም ተራ የሚመስሉ ናቸው። ለምሳሌ ድጋፉን በሞባይል ገንዘብ እንክፈል ተባለ። ለእኔ ይህ ንጹሕ ውሳኔ ነው። ጥሬ ገንዘብ መሸከም ይቀራል፤ ለኦዲትም ማስረጃ አለው። እሷ ግን "ሲም ካርዱ በማን ስም ነው የወጣው?" ትላለች። በባልየው ስም ከሆነ ገንዘቡ ለእሱ ነው የተከፈለው። ሪፖርታችን ግን "ለሴት ተከፈለ" ይላል። ይህ የፆታ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ክፍያው ለትክክለኛው ሰው ደርሷል ወይ የሚል የቁጥጥር ጥያቄ ነው። የትኛውም ኦዲተር ሊጠይቀው የሚገባ ነው።

ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛው ውድ ነው፤ በተለይ ለትንሽ ድርጅት። ሁለተኛው ሁሉም ነገር በአንዲት ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ሌሎቹ "እሷ ታየዋለች" ብለው ያርፋሉ። ስትለቅ ደግሞ ባዶ ወንበር ይቀራል። ፊርማዋ በድርጅቱ የፋይናንስ መመሪያ ላይ ከተጻፈ ግን ወንበሩ ባዶ እንዳይቆይ ያስገድዳል። የቅጥር ደብዳቤ ብቻ አይበቃም።

የፋይናንስ ሠራተኞችን ማሠልጠን

ርካሽ ነው። ለጋሾችም በቀላሉ ይፈቅዱታል። ግን የሁለት ቀን ሥልጠና ላይ ስለ ፆታና ሥርዓተ ፆታ ልዩነት ትርጉም ሰምቶ ሰኞ ወደ ኤክሴሉ የሚመለስ ሰው ምንም አይለውጥም። እኔም እንዲህ ያለ ሥልጠና ወስጄ ነበር፤ የልጆች ጠባቂውን ወጪ ከመሰረዜ በፊት።

የሚሠራው ሥልጠና የራሳችሁን በጀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የሚደረግ ነው። አንድ መስመር፣ አንድ ጥያቄ፤ ይህ ገንዘብ ማን እጅ ይገባል? እሱን ለመቀበል ማን ስንት ሰዓት ይጠፋበታል? በዚህ መልክ ካልሆነ ገንዘባችሁን ለሌላ ነገር አቆዩት።

ምልክት መስጠት

ይህ የለጋሾች መንገድ ነው። የኦኢሲዲ (በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የልማት ድጋፍ ኮሚቴ አባላት ለሚሰጡት ድጋፍ የፆታ እኩልነት ምልክት ይሰጣሉ። 0 ማለት ፕሮጀክቱ የፆታ እኩልነትን ዓላማ አላደረገም ነው። 1 ማለት አንዱ ዓላማው ነው። 2 ማለት ዋናው ዓላማው ነው። በሰብዓዊ ዕርዳታ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ፆታንና ዕድሜን በአንድ ላይ የሚያይ ምልክት አለ። የዕርዳታ ፕሮፖዛል ጽፋችሁ የምታውቁ ከሆነ ኮዱን ሞልታችሁታል።

ጥሩ ጎኑ ፋይናንስ የሚያነበው ቁጥር መሆኑ ነው። ይደመራል። ይነጻጸራል። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 አማካይ ሲታይ ከእነዚህ ለጋሽ አገሮች የሁለትዮሽ ድጋፍ ውስጥ የፆታ እኩልነትን ዓላማው ያደረገው 44 በመቶ ነበር። ዋና ዓላማው ያደረገው ግን 4 በመቶ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ማየት የቻልነው ምልክት ስላለ ነው።

ችግሩም እዚያው ነው። ምልክት 1 የተሰጠው ፕሮጀክት ሙሉ ገንዘቡ ይቆጠራል። የ10 ሚሊዮን ብር የመንገድ ሥራ ውስጥ አንድ የፆታ ዓላማና አንድ አመልካች ካለ፣ 10 ሚሊዮኑ በሙሉ 1 ስር ይገባል። ለሴቶች የሚውለው 200 ሺህ ብር ቢሆንም። ምልክቱ የሚናገረው ስለ ሐሳቡ ነው። ስለ ወጪው አይናገርም። ኮዱ ፕሮፖዛሉ ሊላክ አንድ ሰዓት ሲቀረው ሲሞላ ደግሞ ሐሳቡንም አይናገርም።

ስለዚህ ምልክትን እንደ ቴርሞሜትር ያዙት። ትኩሳቱን ያሳያል፤ አያድንም። ለጋሽ ከሆናችሁ ያለሱ መሥራት አይቻልም። ተቀባይ ከሆናችሁ ግን ኮዱን ሞልታችሁ "ጨርሰናል" አትበሉ።

በጀቱን ራሱን በሥርዓተ ፆታ ዓይን መሥራት

አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1984 በጀቷ ለሴቶች ምን እንደሚያደርግ መመርመር ጀመረች። ከዚያ ሐሳቡ በብዙ አገር ተስፋፋ። በኢትዮጵያ የፌዴራል መንግሥት የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 970/2008 በመንግሥት በጀት ዝግጅት ሥርዓተ ፆታ ከግምት እንዲገባ ግዴታ አድርጓል።

ይህ ለሴቶች የተለየ በጀት መመደብ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሙሉውን በጀት ማየት ነው። የውሃ ቢሮን እንውሰድ። ውሃ የሚቀዱት በአብዛኛው ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። የውሃ ቦኖው የት ይተከል የሚለው ውሳኔ የእነሱን ሰዓት ይወስናል። ለጥገና የተመደበው ገንዘብ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ፓምፑ ሲሰበር ወደ ወንዝ የምትመለሰው ማን እንደሆነች እናውቃለን። ስለዚህ "የጥገና በጀት" የሚለው ደረቅ መስመር የፆታ መስመር ነው። ማንም ግን እንዲህ ብሎ አይጠራውም።

የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔቱም ጥሩ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው፣ ድሃ ቤተሰቦች በጉልበት ሥራ ድጋፍ የሚያገኙበት ይህ ፕሮግራም ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች ከጉልበት ሥራ ወጥተው ድጋፉን እንዲያገኙ ንድፉ ላይ አስገብቷል። በሥራው ቦታ የሕፃናት ማቆያንም ያካትታል። ንድፉ ላይ መጻፉ ብቻ ግን ማቆያው በየቦታው እንዲኖር አላደረገም። ተንከባካቢዋ ማን ትሆናለች? ክፍያዋ ከየት ይወጣል? የወጪ መስመር ያልተሰጠው መልካም ሐሳብ ዕጣው ይኸው ነው።

ከመለኪያዎቹ አንጻር ይህ መንገድ በሰዓትም፣ በሥልጣንም፣ በዕድሜም ጠንካራ ነው። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሕግ ነው፤ ሰው ሲለቅ አይለቅም። ድክመቱ መረጃ መፈለጉ ነው። በሴትና በወንድ የተለየ ቁጥር የሌለው ተቋም ቅጹን በግምት ይሞላል። ያኔ አዋጁ ይቀራል፣ ሥራው ይጠፋል።

የውጭ አማካሪ

ለአንድ የተወሰነ ጥያቄ ጥሩ ነው። ለመደበኛ ሥራ አይሆንም። የምትቀጥሩ ከሆነ በንድፉ ጊዜ ቅጠሩ፤ በግምገማው ጊዜ አይደለም። የሥራ ዝርዝሩ ላይም "ሪፖርት" ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። "የተሻሻለ የበጀት ሰንጠረዥ" ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ማቅረብ የማይችል አማካሪ ለምትፈልጉት ድልድይ አይሆንም።

ገንዘቡን ራሱን መቅረጽ

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ከሁሉም የሚያጓጓኝ መንገድ ይህ ነው። እስካሁን ያየናቸው ፕሮጀክቱን ይመለከታሉ። ይህኛው ብድሩን፣ ዋስትናውን፣ ኢንቨስትመንቱን ይመለከታል።

ጥሩው ምሳሌ እዚሁ አገራችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ሴት ሥራ ፈጣሪዎች ፕሮጀክት 50 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ። በኋላ ጣሊያንና ጃፓን ገንዘብ ጨመሩበት። ገንዘቡን የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ለማይክሮፋይናንስ ተቋማት ያበድር ነበር። ተቋማቱ ለነጋዴዎቹ ያበድሩ ነበር። የታለሙት መሃል ላይ የቀሩ ሴቶች ናቸው። ማይክሮፋይናንስ የሚሰጠው የቡድን ብድር ለሥራቸው ያንሳል። ባንክ ደግሞ ቤት አስይዙ ይላቸዋል።

አሁን የሥርዓተ ፆታ ባለሙያዋ ጥያቄ ይመጣል፤ ቤቱ የማን ነው? በአዋጅ ቁጥር 213/1992 በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልና ሚስት የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት በዋስትና የሚያዘው በሁለቱ ስምምነት ነው። ይህ ሕግ ሴቷን ይጠብቃል። ባል ሳያማክራት ቤታቸውን አያስይዝም። በሌላ በኩል ግን እሷ ለንግዷ ስትበደር የእሱ ፊርማ ያስፈልጋታል። ፈቃደኛ ካልሆነስ? ብድሩ እዚያው ይቆማል። የብድር ባለሙያው መዝገብ ላይ የሚጻፈው ግን "በቂ ዋስትና የለም" ነው።

ያ ፕሮጀክት ያደረገው ይህንን የፆታ እንቅፋት ወደ ብድር ጥያቄ መተርጎም ነው። ዋስትና የምንጠይቀው ለምንድን ነው? ትመልስ እንደሆነ ለማወቅ። ታዲያ ይህን በሌላ መንገድ ማወቅ ይቻላል? ተቋማቱ የንግዱን የገንዘብ ፍሰት መመዘን ተማሩ። ተሽከርካሪና የሰው ዋስትና የመሳሰሉትን መቀበል ጀመሩ። በታብሌት የሚሰጥ የሥነ ልቦና መመዘኛም ሞከሩ፤ የተበዳሪዋን የመክፈል ዝንባሌ ለመገመት። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የሚንቀሳቀስ ንብረትን በዋስትና ለመያዝ መንገድ ከፍቷል። ማሽን፣ የሸቀጥ ክምችት፣ ከብት ዋስትና መሆን ይችላል። የሥርዓተ ፆታ ዕውቀትና የፋይናንስ ዕውቀት ሲገናኙ ውጤቱ እንዲህ ነው፤ ፖስተር ሳይሆን የተለወጠ የብድር መመሪያ።

በትንሹም ደረጃ ይሠራል። ኬር የተባለው የዕርዳታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 በኒጀር የጀመረውን የመንደር ቁጠባ ቡድን አስቡት። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስት አባላት ይይዙታል። ለፋይናንስ ሰው ይህ የውስጥ ቁጥጥር ነው። ለሴቷ ደግሞ ማንም ሰው ቤት ድረስ መጥቶ "ገንዘቡን አምጪ" ቢላት ብቻዋን ልትከፍተው አትችልም። አንዱ ሣጥን ሁለቱንም ሥራ ይሠራል።

በትልልቅ ኢንቨስትመንት በኩል ቱ-ኤክስ የሚባል መመዘኛ አለ። የቡድን 7 (ሰባቱ የበለጸጉ አገሮች) የልማት ፋይናንስ ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2018 ካናዳ ሻርልቧ ላይ ጀመሩት። የሴቶችን ባለቤትነት፣ አመራር፣ ቅጥርና ተጠቃሚነት ያያል። ከባንክ ወይም ከፈንድ ገንዘብ የምትፈልጉ ከሆነ ይህን ቋንቋ ማወቅ ይጠቅማችኋል። ጥንቃቄም ይፈልጋል። 51 በመቶ አክሲዮን በስሟ ሆኖ ውሳኔው የሌላ ሰው የሆነበት ድርጅት አለ።

ለብድርም ያው ነው። ጌትዝና ሴን ጉፕታ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባንግላዴሽ ላይ ባወጡት ጥናት በሴቶች ስም ከወጣው ብድር ጉልህ ድርሻውን የሚያዙበት ወንድ ዘመዶቻቸው ሆነው አገኙት። የመመለስ ግዴታው ግን በሴቶቹ ላይ ነው። ስለዚህ "ስንት ሴት ተበደረች" የሚለው ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ማን ወሰነ? ዕዳውን ማን ከፈለ? እነዚህን መጠየቅ አለባችሁ።

በአንድ ገጽ ሲታይ

| መንገድ | መቼ ይገባል | የማስቆም ሥልጣን | ወጪ | ሰው ሲለቅ |
|---|---|---|---|---|
| ባለሙያ ከበጀት ጠረጴዛ | ከውሳኔ በፊት | ፊርማ ካላት ጠንካራ | ከፍተኛ፣ ቋሚ | መመሪያ ላይ ካልተጻፈ ይጠፋል |
| ሥልጠና | ይለያያል | የለውም | ዝቅተኛ | ከሠልጣኙ ጋር ይሄዳል |
| ምልክት | ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ | ለጋሹ ካስገደደ ብቻ | በጣም ዝቅተኛ | ይቀራል |
| የበጀት ምርመራ | ከውሳኔ በፊት | ሕግ ስለሆነ ጠንካራ | መካከለኛ፣ መረጃ ይጠይቃል | ይቀራል |
| የውጭ አማካሪ | እንደ ቅጥሩ ጊዜ | የለውም | መካከለኛ፣ የአንድ ጊዜ | ሪፖርቱ ብቻ ይቀራል |
| የብድርና የኢንቨስትመንት ንድፍ | ከመነሻው | በጣም ጠንካራ | መጀመሪያ ላይ ከፍተኛ | በመመሪያው ውስጥ ይቀራል |

ለማን የትኛው?

ከአሥር ሰው በታች ያላችሁ ድርጅት ከሆናችሁ ባለሙያ ለመቅጠር አትቸኩሉ። ገንዘብ ሳታወጡ የምትጀምሩበት መንገድ አለ። የፋይናንስ ሠራተኛችሁን በፕሮጀክት ንድፍ ስብሰባ ላይ አስቀምጡ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ አማካሪ ለጥቂት ቀናት፣ በንድፉ ሰዓት ቅጠሩ። የልጆች ጠባቂ፣ የትራንስፖርትና የአካባቢ ስብሰባ ወጪ የራሳቸው መደብ እንዲኖራቸው አድርጉ። እነዚህ ሦስት መስመሮች ብቻቸውን ብዙ ይለውጣሉ።

መካከለኛ ድርጅት ከሆናችሁና ከሁለት በላይ ለጋሽ ካላችሁ ፊርማ ያላትን ባለሙያ እመርጣለሁ። ደመወዟን ለፕሮጀክቶቹ አከፋፍሉት፤ ከየፕሮፖዛሉ መጀመሪያ ጀምሮ። አንድ ለጋሽ ሲወጣ እንዳትወጣ።

ማይክሮፋይናንስ ወይም ባንክ ከሆናችሁ ሥልጠናም ፎካልም አይደለም መነሻችሁ። ውድቅ ያደረጋችኋቸውን የብድር ማመልከቻዎች በሴትና በወንድ ለዩና ምክንያቱን ቁጠሩ። "ዋስትና የለም" የሚለው ለሴቶቹ በብዛት ከመጣ ችግራችሁ ያለው በብድር መመሪያው ውስጥ ነው። የሚሻሻለውም እሱ ነው። መጀመሪያ ላይ ወጪ አለው፤ የብድር ባለሙያዎች የገንዘብ ፍሰት መመዘን መማር አለባቸው። ግን ያ ወጪ አዲስ ደንበኛ ያመጣል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ ሕጉ አለላችሁ፤ ሰዓቱ ግን ያመልጣል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። መሥሪያ ቤቶች በጀታቸውን እንዲያቀርቡ የሚጠይቀው የበጀት ጥሪ ከዚያ ወራት ቀድሞ ይወጣል። የሴቶች ጉዳይ ክፍላችሁ ሐሳቡን ማቅረብ ያለበት ጥሪው በወጣ ሳምንት ነው። ሰኔ ላይ የሚመጣ ማስታወሻ ለሚቀጥለው ዓመት ነው።

ለጋሽ ከሆናችሁ ምልክቱን ያዙ። ግን 1 ያለውን ፕሮጀክት ስትቀበሉ በጀቱን በዓላማ ከፋፍሎ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ለፆታ ዓላማው የተመደበው መስመር ከሌለ ምልክቱን ወደ 0 መልሱት። አንድ ጊዜ ይህን ካደረጋችሁ የሚቀጥለው ፕሮፖዛል ተለውጦ ይመጣል።

በጀት ግን ጨርሶ የሌላችሁ ከሆነ ደግሞ አንድ ከሰዓት ይበቃል። የባለፈውን ዓመት አሥር ትልልቅ ወጪዎች አትሙ። የፋይናንስ ሰውና የሥርዓተ ፆታ ባለሙያዋ ጎን ለጎን ይቀመጡ። በየመስመሩ እሱ ገንዘቡ የት እንደሄደ ይንገራት። እሷ ማን እንዳልደረሰው ትንገረው። ከአሥሩ ሁለቱን ለመለወጥ ከተስማሙ፣ የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲረቀቅ ሁለቱም ስማቸውን ከታች ይጻፉበት።